ድመቷ አትጾምም፦ ብዙ የማያስቸግር የቤት እንስሳ ለምትፈልጉ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው ዝግጅታችን የቤት እንስሳ ማሳደግ እያማራቸው «ብዙ የማያስቸግር ከሆነ» ለሚሉ ሰዎች ነው።

ከጎረቤት የድመት ግልገል የሚወስድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ታስቸግራለች እንዴ?» ሰጪው ደግሞ አራት አምስት ግልገል ቤቱን ስለሞሉት መልሱን አያዘገይም። «ኧረ በጭራሽ! ያገኘችውን ትበላለች፤ ራሷን የቻለች ናት» ይላል። ግልገሏ ካርቶን ውስጥ ገብታ ትሄዳለች። ስንት ዓመት እንደምትኖር፣ «ያገኘችው» የተባለው ምግብ ምን እንደሆነ፣ ቤተሰቡ ለበዓል ክፍለ ሀገር ሲወርድ ማን እንደሚያያት ሳይነሳ ይቀራል።

እኔ በበኩሌ በራሱ የማያስቸግር እንስሳ አለ ብዬ አላምንም። ከቤቱ ጋር የተስማማ እንስሳ ግን አለ። ሰፊ ግቢ ውስጥ ያለ ሐሳብ የሚያድግ ውሻ አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ላይ ለራሱም ለጎረቤትም መከራ ይሆናል። ስለዚህ እንስሳውን ከመምረጣችን በፊት ቤታችንን እንየው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው? መብራት ይጠፋል? ጾም ይጾማል? ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ሰው አለ?

ብዙ ሰው የሚመርጣት ድመትን ነውና ከእሷ ልጀምር፤ ረዘም ያለ ጊዜም የምሰጠው ለእሷ ነው።

ድመትን ቀላል የሚያደርጓት ነገሮች እውነት ናቸው። ገላዋን ራሷ ታጸዳለች፤ ውጭ ይዛችሁ አንሸራሽሩኝ አትልም፤ ከቀኑና ከሌሊቱ ከግማሽ የሚበልጠውን ጊዜ ተኝታ ታሳልፋለች። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቤት ሳትነወር ትገባለች። ከነቢዩ ሙሐመድ ባልደረቦች አንዱ አቡ ሁረይራ የሚታወቁበት መጠሪያ ራሱ የተያያዘው ለድመት ከነበራቸው ፍቅር ጋር ነው።

ዕድሜዋ ግን ረጅም ነው። ቤት ውስጥ በደንብ የተያዘች ድመት ከ12 እስከ 18 ዓመት ትኖራለች፤ ሃያን የሚሻገሩም አሉ። ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ለሆነው ልጃችሁ ብላችሁ የምታመጧት ድመት፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲጨርስም ሶፋው ላይ ልትገኝ ትችላለች። ያን ጊዜ ልጁ ሥራ ይዞ ይወጣል፤ ድመቷ ለእናት ትቀራለች። በአብዛኛው ቤት የምናየውም ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ምግቡ። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት በብዙ ቤት ውስጥ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ዝር አይልም። ሽሮ አለ፣ ምስር አለ፣ ጎመን አለ። ድመቷስ? ከሽሮው ፈትፈት አድርገን እንሰጣታለን፤ ርቧታልና ትበላለች። እኛም ተስማማት እንላለን።

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም» ይባላል። ሳይንሱም ቢሆን በዚህ በኩል ከተረቱ ብዙ አይርቅም፤ አመል ብቻ ሳይሆን የተፈጥሮ ግዴታ ነው ይላል እንጂ። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የድመት አካል ይህን በበቂ መጠን ሠርቶ ማውጣት ስለማይችል ከሥጋ ማግኘት አለባት። ታውሪን ሲጎድላት የዓይኗ ብርሃን ይደክማል፤ የልቧ ጡንቻም ይላላል። እ.ኤ.አ. በ1987 ፖል ፒዮን የተባለ አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪምና ባልደረቦቹ የልብ ድካም የያዛቸው ድመቶች በደማቸው ውስጥ ታውሪን እንዳነሰ፣ ሲጨመርላቸውም ልባቸው እንዳገገመ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ የድመት ምግብ ፋብሪካዎች የሚጨምሩትን መጠን ከፍ አድርገዋል።

«የአያቴ ድመት እንጀራ ብቻ እየበላች አርጅታለች» የሚል አድማጭ እንደሚኖር አውቃለሁ። የአያትዎ ድመት እንጀራ ብቻ አልበላችም። ጎተራው ሥር አይጥ ነበረ። አይጥ በታውሪን የታወቀ ነው፤ እንጀራው ለእሷ መክሰስ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ በሩ ተዘግቶባት የምትኖር ድመት ግን ያ ጎተራ የላትም። እጃችሁ ላይ ያለውን ብቻ ነው የምትበላው።

ሁለተኛው ችግር ከጾም ውጭም ያለ ነው፤ ሽንኩርት። የእኛ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር የድመትንም የውሻንም ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። መቁላላቱ መርዝነቱን አያጠፋውም። ጉዳቱ በአንድ ቀን ላይታይ ይችላል፤ ቀስ በቀስ ደም እያነሳት፣ ድዷ እየነጣ፣ እየፈዘዘች ትሄዳለች። ስለዚህ የወጥ ትርፍራፊ ለድመት ምግብ አይሆንም፤ ከሥጋ ወጥም ቢሆን።

ታዲያ ምን ትብላ? ሥጋው ወጥ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የእሷን ድርሻ ለይቶ ያለ ቅመም፣ ያለ ሽንኩርት መቀቀል ነው። ልብ በጣም ጥሩ ነው፤ ታውሪን በብዛት አለው። ጉበት ትንሽ ብቻ፤ ሲበዛ በቫይታሚን ኤ ይጎዳታል። አጥንቱ የወጣለት የተቀቀለ ዓሣ፣ የበሰለ እንቁላልም ይሆናል። አቅም ላለው በከተማው ሱፐርማርኬቶች የሚሸጥ ደረቅ የድመት ምግብ አለ፤ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ዋጋው ይከብዳል፣ ነገር ግን የተሟላ ነው። አቅሙ ካለ ቢያንስ ሁለቱን ማቀላቀል ብልህነት ነው። ወተትን ተዉት። ያደጉ ድመቶች አብዛኞቹ የወተቱን ስኳር መፍጨት ስለማይችሉ ተቅማጥ ይይዛቸዋል። ንጹሕ ውሃ ይበቃቸዋል።

በጾም ወቅት የምመክረው ቀላል ነው። ለድመቷ የራሷ ትንሽ ድስትና የራሷ ማንኪያ ይኑራት፤ የጾም ዕቃ ከፍስክ ዕቃ ጋር ሳይነካካ የቤቱ እመቤት ልብም ያርፋል። ከመያዣው ቀን በፊት ተቀቅሎ በትንንሹ ተጠቅልሎ ፍሪዘር የገባ ሥጋ ብዙ ቀን ያዘልቃል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክርም ድመቷን አይመለከታትም።

(አጭር ሙዚቃ)

ስለ ንጽሕናዋ። ሰጋቱራ ወይም አሸዋ ሰፌድ በመሰለ ዝርግ ዕቃ ካዘጋጃችሁላት ድመት መጸዳጃዋን ለመልመድ ጊዜ አይፈጅባትም። ማጽዳቱ ግን የየቀን ሥራ ነው። ምክንያቱ ሽታው ብቻ አይደለም። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተውሳክ ከአንዳንድ ድመቶች ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፤ ሰውን መያዝ የሚችልበት ደረጃ ላይ የሚደርሰው ግን ከአንድ እስከ አምስት ቀን ከቆየ በኋላ ነው። በየዕለቱ ካነሳችሁት አደጋው በጣም ይቀንሳል። ነፍሰ ጡር ሴት ያንን ሥራ ለሌላ ሰው ብትተው ይመረጣል። ድመቷን ማባረር ግን አያስፈልግም። ይህንኑ ተውሳክ ከጥሬ ሥጋም ማግኘት ይቻላልና፣ ጥሬ ክትፎ እየበሉ ድመቷን ከቤት ማስወጣት ትርጉም የለውም።

ድመትን በብዛት ከሚገድሉ ነገሮች አንዱ የአይጥ መርዝ ነው። መርዙን የግድ እሷ መላስ የለባትም፤ መርዝ የበላ አይጥ ብትበላ ይበቃል። በኮንዶሚኒየም ደግሞ መርዙን ያስቀመጠው ጎረቤት ሊሆን ስለሚችል፣ ድመት እንዳላችሁ ደረጃውን ለሚጋሩ ሰዎች ንገሩ። ፓራሲታሞልም ለድመት መርዝ ነው፤ ግማሽ ኪኒን እንኳ ሊገድላት ይችላል። ታመመች ብላችሁ ከራሳችሁ መድኃኒት እንዳትሰጧት።

ከዚያ ደግሞ መውለድ አለ። ሴት ድመት ገና ስድስት ወር ሳይሞላት ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋ ሁለት ወር ከጥቂት ቀናት ነው። በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ስትወልድ ለጎረቤት ማደሉ ያልቃል፤ ከዚያ ካርቶኑ ገበያ ዳር ይጣላል። ማምከን የሚባለው ቀዶ ሕክምና ይህንን ይዘጋል። ወንዱንም ማምከን ለጸብና ለመጥፋት ያለውን ዝንባሌ ይቀንስለታል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የሚሠሩ የግል የእንስሳት ክሊኒኮች አሉ። ግልገሏን ከመውሰዳችሁ በፊት ደውላችሁ የማምከኛውን፣ የክትባቱንና የትል መድኃኒቱን ዋጋ ጠይቁ። ዋጋው ካስደነገጣችሁ፣ ግልገሏ ቤት ከመግባቷ በፊት መደንገጡ ይሻላል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። በውጭ አገር አቢሲኒያን የሚባል በጣም ተወዳጅ የድመት ዝርያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ዘመቻ የተመለሰ እንግሊዛዊ መኮንን ዙላ የተባለች ድመት ይዞ ገባ የሚል ታሪክ ይነገርለታል። የዘረ መል ጥናቶች ግን መነሻውን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ያስጠጉታል። ለማንኛውም ይህ ዝርያ መጋረጃ ላይ የሚሰቀል፣ ብቻውን መቀመጥ የማይወድ ቀልጣፋ ነው። ብዙ የማያስቸግር ለሚፈልግ ሰው የሠፈራችን ድመት ትበልጣለች።

(አጭር ሙዚቃ)

ዓሣ ከድመት ይቀላል የሚል እምነት አለ። አይጮህም፣ አይነክስም፣ ፀጉሩ አይረግፍም። ልጆች የሚወዱት ጎልድፊሽ በክብ ብርጭቆ ተገዝቶ ይመጣል፤ በሳምንቱ ተገልብጦ ይንሳፈፋል። «ዕድሜው አጭር ነው» ተብሎ ሌላ ይገዛል። ጎልድፊሽ በወግ ሲያዝ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። ቲሽ የተባለ እንግሊዛዊ ጎልድፊሽ እ.ኤ.አ. በ1956 በባዛር ጨዋታ ተሸልሞ ቤት ገብቶ በ1999 ነው የሞተው፤ 43 ዓመት!

ብርጭቆው ውስጥ ያሉትን የሚገድላቸው ዕድሜ ሳይሆን አሞንያ ነው። ዓሣ የሚተነፍስበትም የሚጸዳዳበትም ውሃ አንድ ነው። ከስንጥባቱና ከቆሻሻው የሚወጣው አሞንያ ሲጠራቀም ይመርዘዋል። በትልቅ ገንዳ ውስጥ ግን ማጣሪያው ላይ የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች አሞንያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬት በጣም ካልበዛ ብዙም አይጎዳም። ባክቴሪያዎቹ እስኪደራጁ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ገንዳው ዛሬ ተገዝቶ ዛሬውኑ በዓሣ ከተሞላ ቀብሩን እያዘጋጃችሁ ነው።

ለሁለት ጎልድፊሽ መቶ ሊትር ያህል የሚይዝ ገንዳ ይመከራል። መቶ ሊትር ውሃ መቶ ኪሎ ይመዝናል፤ መስታወቱን ሳይጨምር። የቴሌቪዥን ማስቀመጫው እንደሚችለው እርግጠኛ ካልሆናችሁ አትሞክሩት። በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን መቀየር ያስፈልጋል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት፤ ክሎሪኑ ዓሣውንም ባክቴሪያዎቹንም ይጎዳል። በባልዲ ተቀድቶ ሳይከደን አንድ ቀን ያደረ ውሃ ይሻላል። እዚህ ላይ የውሃ ፈረቃችን ሳያስበው ይረዳናል፤ ቀድተን ማሳደሩን ለምደነዋል። መብራት ሲጠፋ ግን ሌላ ነው። ማጣሪያው ይቆማል፣ ኦክስጅኑ ያንሳል፤ ብዙ ሰዓት ከቆየ ባክቴሪያዎቹም ይሞታሉ። መብራት በሚመላለስበት ሠፈር በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር መንፊያ ከዓሣው ጋር አብሮ መገዛት አለበት። ጎልድፊሽ ቀዝቃዛ ውሃ ስለሚስማማው ለአዲስ አበባ አየር ማሞቂያ አይፈልግም፤ በቀለማቸው የሚማርኩት የሞቃት አገር ዓሦች ግን ይፈልጋሉ።

ዓሣ ድመትን የሚያስንቅበት አንድ ቦታ አለ። ጤናማ ያደገ ዓሣ ለጥቂት ቀናት ምግብ ባያገኝ አይሞትም። ድመት፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ሦስት አራት ቀን ካልበላች ጉበቷ በስብ ተጨናንቆ ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ ለጥምቀት ጎንደር፣ ለገና ላሊበላ የምትወርዱ ከሆነ ዓሣው ጥቂት ቀን ይጠብቃችኋል፤ ድመቷ ግን በየቀኑ ገብቶ የሚያያት ሰው ያስፈልጋታል። ዓሣውን ለጎረቤት አደራ ከሰጣችሁም የየቀኑን ምግብ በወረቀት ጠቅልላችሁ ስጡት፤ ደግ ጎረቤት አብዝቶ እያበላ ነው የሚገድለው።

ኤሊን በአጭሩ። ግቢ ውስጥ ሣር ትበላለች፣ ድምፅ የላትም፣ እውነትም ቀላል ትመስላለች። ነገር ግን በአገራችን የምናያት ኤሊ የዱር እንስሳ ናት። በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው። ዕድሜዋም ከሃምሳ ዓመት በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ለልጅ የተገዛች ኤሊ ለልጅ ልጅ ውርስ ናት። በሴንት ሄሌና ደሴት የሚታወቀው ዮናታን የተባለው ግዙፍ ኤሊ የተፈለፈለው እ.ኤ.አ. በ1832 አካባቢ እንደሆነ ይገመታል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት ማለት ነው። ጫካ ላይ ተይዘው መንገድ ዳር ለሚሸጡ ወፎችና የጦጣ ግልገሎችም ነገሩ ያው ነው፤ አዝናችሁ ብትገዙ እንኳ ሻጩን ነገ ወደ ጫካው ትልኩታላችሁ።

ርግብን ግን አልነፍጋችሁም። የአዲስ አበባ ልጆች ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሳጥን ቸንክረው ሲያረቡ ኖረዋል። ስንዴ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ንጹሕ ውሃ ካገኙ ራሳቸው ወጥተው ይገባሉ፤ ሁለት ሁለት እንቁላል እየጣሉ ባልና ሚስት ተፈራርቀው ይታቀፋሉ። ቤታቸው ሲጠረግ የሚነሣው አቧራ ሳንባ ስለሚያስቆጣ አፍና አፍንጫን መሸፈን ነው። አስም ያለበት ሰው ባለበት ቤት ግን አይመከርም።

(አጭር ሙዚቃ)

ውሻን ቀላል ከሚባሉት አልቆጥረውም። ግን ብዙ ሰው ለዘበኝነት ስለሚይዘው፣ ሳይነገር መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። የመጀመሪያው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይጀመራል፤ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ድመትም መከተብ አለባት። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። የውሻችን ክትባት ከግቢያችን አልፎም ይደርሳል። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች በሽታው የሚይዛቸው ከቤት ውሾች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ዌብ ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨርሷቸዋል።

ሁለተኛው የበዓል ቀን ነገር ነው። በጉ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይታያል፤ «ይህን ለውሻው» ተብሎ ይወረወራል። ያ ከረጢት የትል እጭ ነው። ውሻው ሆድ ውስጥ አድጎ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፤ ከውሻው ፀጉር ወደ ልጅ እጅ፣ ከእጁ ወደ አፉ ይገባል። ከዓመታት በኋላ ያው ከረጢት በሰውየው ጉበት ላይ ይገኛል፤ የሚወጣውም ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ነው። ከረጢት ያለበትን ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ከሉካንዳ የምትገዙለትን ሳንባም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አፍልታችሁ ስጡት።

አሁን የምንጠላውን ጥያቄ ላንሳ። ዲቪ ቢደርሳችሁስ? ወይ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ብትሄዱ? ሰው ከአገር ሲወጣ ዕቃው ይሸጣል፤ ውሻው ለዘበኛው «እያየኸው» ተብሎ ይቀራል። ዘበኛው ደግሞ ነገ ሌላ ቤት ይቀጠራል። ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ግን ወራት ይፈልጋል። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ በብዛት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች፣ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ ያለውና ክትባቱ በሰነድ የተረጋገጠለት መሆን አለበት፤ የደም ምርመራ ከሌለው በራሳችሁ ወጪ ለ28 ቀን ተለይቶ ይቆያል። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሚሄድ ውሻም ድመትም ከክትባቱ 30 ቀን በኋላ ደም ተወስዶ ይመረመራል፤ ደሙ ከተወሰደ በኋላ ሌላ ሦስት ወር ይጠበቃል። ቪዛው ሲወጣ የሚጀመር ነገር አይደለም። የጉዞ ሂደታችሁን ጀምራችሁ ከሆነ ማይክሮቺፑንና ክትባቱን በዚህ ሳምንት አስጨርሱ፤ ማይክሮቺፑ ከክትባቱ መቅደም እንዳለበትም ሐኪሙን አስታውሱት። ደንቦቹ ስለሚለዋወጡ ከኤምባሲው አረጋግጡ።

ይዛችሁ የማትሄዱ ከሆነ ደግሞ ተረካቢውን አሁን፣ ሳትቸኩሉ ፈልጉ። ስሙንም የክትባት ካርዱ ጀርባ ላይ ጻፉት።

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ የእንስሳት ሐኪም ስቱዲዮ ይዘን ስለ ማምከን ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንጠይቃለን፤ ጥያቄ ያላችሁ በተለመደው ስልካችን አድርሱን። እስከዚያው ሰላም ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)